ለሽማግሌ የተገዛ ከሰል

ጭስ አልባ ተብሎ የተሸጠው ከሰል ጨሰ። ልጅቷም የገዛችው እንዲጨስ ብላ ነው።

እናቷ ወደ ገበያ የላኳት ሁለቱን ዓይነት ጭስ አልባ ከሰል አወዳድራ ደህናውን እንድታመጣ ነበር፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የሚመጡ ሽማግሌዎች በቀዝቃዛ ቤት አይስተናገዱም። ውዱ ከቡና ገለፈት የተሠራ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ነጋዴዋ እንዳለችው "እስኪመሽ የሚያሞቅ" ነው። ርካሹ ጣት ሲነካው ይፈረፈራል፤ እርጥብም ነው። ልጅቷ አሰበች፤ እስኪመሽ የሚሞቀው እሳት ያገኘ ሽማግሌ እስኪመሽ አይሄድም። ርካሹን ገዛች። አባቷ እንደማይድሯት ቃል ገብተውላታል፤ ጭሱ ጉዳዩን ለማሳጠር ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው "እሺ ሳይሉን አንቀመጥም" አሉ። ምድጃው መሐል ላይ ይጨሳል። አባቷ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው። አጎነበሱ፤ ራሳቸው ወደ ላይ ወደ ታች ተናጠ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

"አያችሁ!" አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ጥሩነህ፣ የራሳቸውን ዓይን በጋቢያቸው እየጠረጉ። "አባት እንዲህ የሚያለቅሰው ልጁን ሲሰጥ ነው። ተቀመጡ፣ ሰጥተውናል!"

ነገሩን ቀድሞም የፈለጉት እናቷ እልል አሉ።

"አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!"

አባቷ እንደገና ሳሉ።

"አይዞዎት፣ ወግ ነው" አሏቸው አቶ ጥሩነህ ትከሻቸውን እየደባበሱ።

"እንግዲያው ሙሽራውን ያለቀሰ ሰው ራሱ ያግባው!" አለች ልጅቷ፤ ወጥታም በሩን ዘጋችባቸው።