በሩን የሚዘጋው ኋለኛው ነው

ከባሕሩ ዳር እስከ ጥዱ ጫካ ረግረጉን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ፣ ከብት እንዳይወጣ የሚዘጉ አራት የአጥር በሮች አሉ። በዚህ ኮረኮንች መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ደንቡን ያውቃል፤ ፊተኛው ይከፍታል፣ ኋለኛው ይዘጋል። ሄሌ ከወንድሟ ከቶኑ ኋላ የምትነዳው ግን ለደንቡ ብላ አልነበረም። ቶኑ ልቡ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ዛሬ ገና የመጀመሪያው ነው፤ ለሚስቱ ከዓይኗ እንደማትለየው ቃል ገብታላታለች።

የመጀመሪያውን በር ዘጋች። ሁለተኛውን አልፋ ልትዘጋው ስትዞር ግን በሩ ተዘግቶ፣ ሰንሰለቱም መንጠቆው ውስጥ ገብቶ አገኘችው። ረግረጉ ላይ የባልቲክ ነፋስ ከሚያወዛውዘው ሸምበቆ በቀር ማንም የለም።

«አንቺ፣ በእግርሽ ነው እንዴ የምትመጪው?» አለ ቶኑ ከፊት። «በሽተኛው እኔ መስሎኝ።»

«አንተ ብቻ ቀስ በል» አለችው። ያየችውን አልነገረችውም፤ ለልቡ ፈራች።

ሦስተኛው በር ላይ ቶኑ ከፍቶ አለፈ። እሷም ተከትላው አልፋ ወረደች፤ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው፤ ሰንሰለቱን ሁለት ዙር ጠምጥማ እስኪበቃት ነቀነቀችው። ከኋላ የሚከተላቸው ማንም ይሁን ማን ከዚህ እንዳያልፍ ነው። ቀና ስትል ቶኑ በሸምበቆው መታጠፊያ ከዓይኗ ተሰውሯል።

ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የአራተኛው በር ሰንሰለት ሲቆለፍ ሰማች። ቀጥሎ ነፋሱ የወንድሟን ድምፅ ይዞላት መጣ። ከጎኑ ላለ ሰው እንደሚያወራ ረጋ ብሎ፣ እየሳቀ ነበር።

«ዛሬስ አልቻልኩሽም፤ መቼ ዘግተሽ ደረስሽ?»