የጠዋቱ ክኒን

ሄመን መርፌውን ለመውጋት የአባቷን ጋቢ ስትገልጥ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ተፈትቶ ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

መርፌውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ትናንት ሐኪሙ "የአባትሽ የደም መጠን አሁንም ከፍ አላለም፤ ምን ጎደለ?" ብሎ ደውሎላት፣ የብረት ክኒኑን፣ ምግቡን፣ መርፌው የሚቀመጥበትን፣ መብራት ሲጠፋ የሚሞቀውን ፍሪጅ ሁሉ ስትጠረጥር ነው ያደረችው።

"አባ! ይሄ የእንቅርት ክኒንዎ አይደለም እንዴ?"

አባቷ ኦቦ ዋቆ ፊታቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። "እንቅርቱ በኦፕሬሽን ወጥቶ የለ? ለሌለ እንቅርት ምን ክኒን ያስፈልጋል?"

ሱሉልታ ከዳር እስከ ዳር ቢፈለግ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው አይገኝም። ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ አስረድቷል። መርፌው የታመመው ኩላሊት መላክ ያቃተውን ሆርሞን ይተካል፤ መቅኒ ውስጥ ያሉት ገና ቀይ ደም ያልሆኑ ጨቅላ ሴሎች ግን በእሱ ብቻ አይበስሉም። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ሆርሞን ይጠራቸዋል፣ ሌላው ያበዛቸዋል፣ ሌላው ያሳድጋቸዋል። የእንቅርት ዕጢው ሆርሞን ከቀረ ሥራው ይጓተታል። ደማቸው ካልሞላ ደግሞ እሷ ልትሰጣቸው የተዘጋጀችውን ኩላሊት መቀበል የለም። የሰው ደም ይሰጣቸው እንዳይባል፣ በዚያ ሰበብ ሰውነታቸው የልጃቸውን ኩላሊት እንደ ጠላት ማየት ሊጀምር ይችላል።

"ሐኪሙ ሲናገር እዚያው ተቀምጠው አልነበረም? ምኑ ነው ያልገባዎት?"

"ገብቶኛል" አሉ። "ስለገባኝ ነው።"

ሄመን ጎንበስ ብላ ክኒኖቹን መልቀም ጀመረች።

"መርፌውን አንቺ ነሽ የምትወጊኝ፤ እጅሽን መመለስ አልችልም። ክኒኑን ግን ማለዳ ብቻዬን ነው የምውጠው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደሜ ከሞላ አንቺን ለኦፕሬሽን ያስተኙሻል። እኔ ኖሬያለሁ። አንቺ ገና አልወለድሽም።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ? አንቱ ሲሞቱ እያየሁ ሁለት ኩላሊት ይዤ ልዙር?"

እንባዋ ከንዴቷ ጋር መጣ፤ አንዱንም አልደበቀችም። መርፌውን ወጋቻቸው። ከዚያ ከፓኮው አንድ ክኒን አውጥታ ከውሃ ጋር አቀረበችላቸው።

"ዋጡ።"

ተቀበሏት፤ ጠጡ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

"እስቲ ምላስዎን አንሱ።"

"ምነው፣ ልጅ ነኝ እንዴ?"

"አንሱ አልኩ!"

አነሱ። ክኒኑ እዚያው ነበር፤ ዳር ዳሩ መሟሟት ጀምሯል።

ሄመን አልጮኸችም። ሥራ የሚወስዳት ሰርቪስ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ቢነፋም፣ ዱካ ስባ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። አፋቸውን በመዳፏ ዘግታ ክኒኑ ሟሙቶ እስኪያልቅ ጠበቀች።