ሞራ ነው ብላ

«በስሏል?» አሉ ሼህ አዩብ፣ አገጫቸውን ከመመርመሪያው መሣሪያ ላይ ሳያነሱ።

የዓይን ሐኪሟ ትህትና መብራቱን አጠፋችና ወደ ልጃቸው ወደ አሚራ ዞረች። «ሞራ ነው ያላችሁ ማነው?»

ማንም አይደለም፤ አሚራ ራሷ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ጂዳ ሆና የአሠሪዋን ልብስ ስትተኩስ ነው አባቷ የደወሉላት። «ግራ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ቀኙም እየጠበበኝ ነው» ሲሏት፣ ሐኪም ይመስል «ሞራ ነው አባ። የጎረቤታችን የውበቱስ ሳይበስል አይገፈፍም ተብሎ አልነበር? ይብሰልና እኔው መጥቼ አስገፍፍልዎታለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ልጄ አገር አይታለች፣ ታውቃለች ብለው ከአገራቸው ከወግዲ ንቅንቅ አላሉም። ሰው ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲላቸው «አሚራ ትምጣ» ነበር መልሳቸው።

መጣች፤ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው።

«ሞራ አይደለም፣ ግላኮማ ነው» አለች ትህትና። «ዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምርና ነርቩን ይገድለዋል። ግራው አልቋል። የቀኙም መሀሉ ብቻ ነው የቀረው። ጠብታ እንጀምራለን፣ ለኦፕራሲዮንም ደሴ እንልካቸዋለን። ግን የቀረውን ለማቆየት ነው እንጂ የሄደው አይመለስም።»

«ያኔ ቢመጡ ኖሮስ?»

ትህትና ካርዱ ላይ መጻፏን ቀጠለች። «ብዙው ሰው የሚመጣልን አንዱ ከጠፋ በኋላ ነው» አለች ቀና ሳትል።

አሚራ ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት የጠረገችው ለዚህች ቀን ነበር፤ ፋሻው ሲፈታ አባቷ መጀመሪያ የሚያዩት የሷን ፊት እንዲሆን። አሁን ዓይኗን አውጥታ ብትሰጣቸው ደስ ባላት።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተዋል። «አልሀምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ነይ እስቲ፣ ያለችውም ሳታልቅ ልይሽ።»

ቀርባ እፊታቸው ተንበረከከች። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያሉ ፈለጓት።

«አፍንጫሽን አገኘሁት። ፊትሽ ግን ሙሉውን አልገባልኝም። ራቅ በይ ልጄ።»

ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች።

«አሁንም ራቅ በይ።»

እንባዋን ሳትጠርግ ሁለት እርምጃ ጨመረች።

«አገጭሽ ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ ሼህ አዩብ። «ትንሽ ራቅ በይልኝ።»

ጀርባዋ ግን ከግድግዳው ደርሶ ነበር።