መሐሪና ላቀው ቢጋጠሙ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ይቆረጥ፤ የዘንድሮን ገብስ ሳልቀምስ ልሙት።

የንፋስ መውጫው መሐሪና የመካነ ኢየሱሱ ላቀው በወጣትነታቸው ቡጢኞች ነበሩ። ሁለቱም ቀላል ከባድ በሚባለው ሚዛን፣ ከሰማንያ አንድ ኪሎ የማያልፉ። መሐሪ ለወታደር ቡድን፣ ላቀው ለፖሊስ ቡድን ይጫወቱ ነበር። ተገናኝተው ግን አያውቁም። አንዱ ለውድድር ሲመጣ ሌላው ይታመማል፤ ሌላው ሲድን አንዱ ይዛወራል።

መሐሪ በቡጢ የመታው የገብስ ጆንያ ሲፈታ በሶ ሆኖ ይገኝ ነበር። ላቀውን ደግሞ አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠፋ ይጠሩታል፤ አየሩን ሁለቴ ሲነርተው ገለባው ለብቻ፣ ምርቱ ለብቻ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሁለቱም አሁን አርሰው ይበላሉ፤ ሚዛናቸውም "ቀላል" የምትለዋን ከጣለ ቆይቷል። የመሐሪ አገር ጋይንትና የላቀው አገር እስቴ ግን "ቢጋጠሙ ኖሮ ማን ይጥል ነበር?" የሚለውን ክርክር አልጣሉም። ለቅሶ ቤት እንኳ ይነሳል።

ሁለቱም ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ እብጠት አላቸው። መሐሪ "አንድ ናይጄሪያዊ መትቶኝ ነው" ይላል። ላቀው "አንድ ግብፃዊ" ይላል።

ኋላ ጣጣ መጣ። የላቀው ልጅ ፍሥሐ፣ በደብረ ታቦር መስመር ሚኒባስ የሚነዳው፣ የመሐሪን ልጅ የትናየትን ወደደ። የትናየት ንፋስ መውጫ አስተማሪ ናት። እሷም ወደደችው፤ ያለ አባቴ ምርቃት ግን ከዚህ ቤት አልወጣም አለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ። መሐሪ ሁለቴም "በሦስተኛው ዙር እጥለው ነበር እያለ ለሚያወራ ሰው ልጅ አልሰጥም" ብሎ መለሳቸው። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚላክ ሽማግሌ የለም።

ለሦስተኛው መሪጌታ አስማረ ከጋይንቱ ቤተ ልሔም፣ አቶ ይታየው ከእስቴ ተጠሩ። የልጁ አባት አብሮ መምጣቱ ደንብ አይደለም። ላቀው ግን "ቡጢዬን ለሌላ ሰው አፍ አላውስም" ብሎ ተከተላቸው። ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ሽማግሌ የጠየቀው እሺ ካልተባለ አይቀመጥም።

መሐሪ መደብ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ አንድ የተሰነጠቀ ዘነዘና በጠፍር ተሰቅሏል። ባለቤቱ ስንዱ፣ የእስቴ ልጅ፣ ማገዶ አድርጊው ቢሏት እንቢ ብላ ያኖረችው ነው። እሷ ጓዳ ውስጥ በሌላ ዘነዘና በርበሬ ትወቅጣለች።

"ተቀመጡ እንጂ መሪጌታ" አለ መሐሪ።

"ልጅቷን ስጠንና እንቀመጣለን።"

"መጀመሪያ ያ ከኋላዎ የተደበቀው ሰውዬ በሦስተኛው ዙር እጥለው ነበር ማለቱን ይተው።"

"አልተደበቅሁም" አለ ላቀው። "ደግሞም ተሳስቼ ነው። በሁለተኛው ነበር።"

መሐሪ ከመደቡ ተነሳ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በመሃል ዘረጉ።

"እንግዲያው ዛሬ ይለይለት። እጅ መሰንዘር የለም፤ በአፍ ብቻ። አሥራ ሁለት ዙር። ዳኛው እኔ ነኝ።"

"በመጀመሪያው ግራዬን እልካለሁ" አለ መሐሪ።

"ጎንበስ እላለሁ። አንተ ግራህን ከመላክህ በፊት ትከሻህን ትነቀንቃለህ።"

"አንተስ ሲደክምህ ምላስህን አታወጣም?"

"በሁለተኛው ጎንህን አገኘዋለሁ።"

"ጾም ነው። ስትመታኝ የሽምብራ ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው።"

በአራተኛው ዙር ላቀው ሁለት ጥርስ አጣ። በሰባተኛው መሐሪ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ደወል አዳነው፤ ደወሉንም መሪጌታ በአፋቸው ደወሉት። መሪጌታ ማኅሌት ቆመው የሚያነጉ ሰው ናቸውና መቆሙ ምንም አልመሰላቸውም። አቶ ይታየው ግን መቆም አልለመዱም። በዘጠነኛው ዙር ማንም ሳይነካቸው ተዘረሩ።

"ደንቡ ፈረሰ፤ ሽማግሌው ተቀመጡ" አለ መሐሪ።

"አልተቀመጥኩም፤ ወድቄ ነው" አሉ አቶ ይታየው ከወለሉ።

አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ መሪጌታ ቢደምሩ ቢቀንሱ እኩል ሆነባቸው። የትናየት የጓዳው በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች።

"እኩል ከሆነ አልሰጥም" አለ መሐሪ።

"እኔስ ማን ለመነህ? ያልጣልኩትን ሰው ልጅ አላመጣም" አለ ላቀው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሱ። ከዚያ በር ከወጡ እንደማይመለሱ ሁሉም ያውቃል።

ጓዳ ውስጥ ውቀጣው ቀጥ አለ። ስንዱ ወጣች። የተሰነጠቀውን ዘነዘና ከግድግዳው አወረደችና በሁለቱ ሰዎች መሃል ገትራ አቆመችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ መሪጌታ፤ ዳኛ ባለበት መናገሬ ነው።" ወደ ሁለቱ ዞረች። "መሐሪ፣ ትሰጣለህ? ላቀው፣ ትቀበላለህ? ወይስ እስከ አሥር ልቁጠር?"

የሁለቱም እጅ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ሄደ።

"ሰጥቻለሁ" አለ መሐሪ።

"እግዜር ይስጥልን" አለ ላቀው፤ ከሱ ቀድሞ ሳይናገር አልቀረም።

መሪጌታ ተቀመጡ። አቶ ይታየውም ከወለሉ ተነስተው በደንቡ ተቀመጡ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ያልኳችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ተገናኝተው አያውቁም ያልኩት ውሸት ነው። አንዴ እስቴ ውስጥ፣ በስንዱ አባት አውድማ ላይ ተጋጥመዋል። ያሸነፈችው ስንዱ ናት።