በባዶ የሚሾር ጎማ

«ግፋ እንጂ፣ ግራሶ» አለ ታላቅየው ከመሪው ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

ግራሶ ገፋ። የፒክአፑ የኋላ ጎማዎች ሁለቱም እኩል ዞረው ከደረቱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለጠፉበት። ኢንጂነሩ ታላቅ ወንድሙ ለግራና ለቀኝ ጎማ ኃይል የሚያካፍለውን የኋላ ዲፍረንሻል ቆልፏል፤ ፎር ዊልም አስገብቷል። ከእንግዲህ መኪናዋ በአራት እግሯ ትጎትታለች ብሎ ቅድም አስረድቶታል። ለመካኒክ። ሃያ ሁለት ዓመት ከመኪና ሆድ ሥር ተጋድሞ ለኖረ ሰው።

ከኋላ ወንበር አባታቸው ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው እንደ ተበሳ ጎማ ይንሿሿል። ሐኪሙ በስልክ፣ ከስድስት ሰዓት ካለፈ ባትመጡም ያው ነው ብሏል። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ጀርባ ነው።

ግራሶ ጎንበስ ብሎ በመኪናዋ ሥር የፊት ጎማዎቹን አየ። የፊት ግራው ጎማ በባዶ ይሾራል። ቀኙ ደረቅ መሬት ረግጦ እያለ ንቅንቅ አይልም። የፊተኛው ዲፍረንሻል መቆለፊያ የለውማ። ጋራዥ ውስጥ «ለሚቀብጠው ሰጥቶ ለሚሸከመው የሚነፍግ» ይሉታል። ከሚሾረው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢወሸቅ ቀኙም ድርሻውን ያገኛል፤ አለቀ።

ድንጋዩ እግሩ ሥር ነበር። ቆመበት።

ከወንድሙ አፍ አንዲት «ምን ይሻላል?» ትበቃው ነበር። ከትምህርት ቤት ሲያስወጡት ማንም አልጠየቀውም፤ አንዱ ይማር፣ አንዱ ይሥራ ተባለ፣ በቃ። በወንድሙ ምርቃት ቀን ደግሞ ዘይት ትሸታለህ ተብሎ ፎቶ አንሺ ተደረገ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እሱ የሌለበት ቤተሰብ እስከ ዛሬ ይስቃል።

«ጋሼ፣ የፊቶቹን አይተሃቸዋል?» አለ ለወጉ ያህል።

«አንተ ግፋ። ማሰቡን ለኔ ተወው።»

አባትየው ከውስጥ በደከመ ድምፅ ታላቁን ልጃቸውን አገዙ። «አትጨቅጭቀው፤ እሱ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ ግራሶ ትከሻውን እንጂ ጉልበቱን አልሰጠም። እያቃሰተ፣ ጥርሱን እየነከሰ፣ ሳይገፋ ገፋ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ስድስት ሰዓት ሆነ።

ኢንጂነሩ ወረደ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ ምን ይሻላል?»

«አልሰማሁም።»

«ምን ይሻላል አልኩህ። እባክህ።»

ግራሶ ከድንጋዩ ላይ ወረደና በእግሩ ጣት አሳየው። በል አንሳው፣ ተንበርከክና ከፊት ግራው ጎማ ሥር ወሽቀው አለ። የኋላዎቹንም ፊት በእጅህ ጥረግ፤ በእጅህ ነው ያልኩህ። ኢንጂነሩ በነጭ ሸሚዙ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ፣ ቧጠጠ፣ ጥፍሩ ደማ። ግራሶ አልተቻኮለም፤ መሪው ጋ ሄዶ እጁን በወንበሩ ልብስ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ነዳጅ ሰጠ። የግራው ጎማ ድንጋዩን ነከሰ፣ ቀኙ ነቃ። ፒክአፑ አንዴ ተንገጫግጮ ደረቁ ላይ ወጣ።

ሞተሩን አጠፋ። መኪናው ውስጥ አንዳች ድምፅ የለም።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። አባቱ አፋቸው ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ላይ ዝንብ ትሄዳለች፣ እጃቸውን አያነሱባትም።

ከውጭ ወንድሙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ እየሮጠ ይመጣል።

«አባባ፣ ወጣን እኮ። ግራሶ ነው ያወጣን።»

ግራሶ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።