ግቢው ሲገባ

ልጄ ማስተዋል ግቢ የገባች ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ደግሼ ነበር። አንድ ቀን ግቢው ራሱ ቤቴ ይገባል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

የዩኒቨርሲቲው አጥር በየክረምቱ እንደ ተክል ያድጋል። ድሮ አንድ አዳራሽና ጥቂት የቆርቆሮ ክፍሎች ብቻ የነበሩት ግቢ ዝናብ በጣለ ቁጥር እየሰፋ፣ ገበያውን አልፎ ወንዙን ተሻገረ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ደግሞ ቤቴን ከነጓሮዬ ውጦ አረፈው። ማስተዋል ዶርሙን ትታ እቤቷ ስትመለስ፣ እሰይ ብዬ ነበር።

የግቢው ደንብ ግን ያው ነው፤ ተማሪ ያልሆነ ሰው ሲመሽ ይወጣል። እኔም የማድረው እህቴ ቤት ሆነ።

ዛሬም ወጡን እያማሰልኩ ሳለ ማስተዋል ሰዓቷን አየች።

«እማዬ፣ ጥበቃው ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ! ድስቴን ላውርድ እንጂ።»

«ተይው፣ እኔ አወርደዋለሁ።»

ነጠላዬን አነሳሁ። ልጅ ሳለች ጨዋታ አልጠግብ ስትል፣ እዚሁ በር ላይ ቆሜ «መሽቷል፣ ግቢ!» እያልኩ እጮህባት ነበር። አሁን በሩን ከፍታ የቆመችው እሷ ናት።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መሽቷል፣ ውጪ።»