ስድስት ሰኞ ደጅ የጠና ኢሜይል

«ጋሼ... ይሄ እኮ ባዶ ነው!»

«ምኑ ነው ባዶ?»

«ኢሜይሉ ነዋ! ርዕስ የለውም፤ ውስጡም አንድ መስመር አልተጻፈበትም።»

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና በሐዘኔታ አዩኝ።

«ደብዳቤው ከታች ተያይዟል እኮ ልጄ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የወጪ ቁጥር አለው። ፖስታው ላይ ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ።

ጋሼ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። ማየት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ጠዋት በራችንን አንኳኩተው «ኢሜይል እልካለሁ... መልስ የሚባል ነገር የለም። እስቲ ችግሩ ምን እንደሆነ እይልኝ» ብለው ነው የወሰዱኝ።

እኔ ደግሞ በዚህ ነገር አልታማም።

የምሠራው ማተሚያ ማሽን አስመጥቶ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው። የድርጅቱ ኢሜይል በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። በቀን መቶ ምናምን ይገባል።

ባልደረቦቼ «በረኛዋ» ይሉኛል... ዝም ብሎ የሚያልፈኝ ነገር የለማ!

ርዕስ የሌለው፣ ፋይል ብቻ የተንጠለጠለበት ከሆነ «ይሄ ቫይረስ ነው» ብዬ ሳልከፍት አጠፋዋለሁ። እሱም እንደ ጉብዝና ይቆጠርልኝ ነበር።

«ለመሆኑ ጉዳዩ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

የጋሼ ድምፅ ዝቅ አለ።

የትምህርት ቤቱ ብሬይል ማተሚያ ተበላሽቷል። ወረቀቱ ላይ ነጥቦቹን የምትወጋው ክፍል ተሰብራለች። የመልቀቂያ ፈተናው ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው... በዚያ ማሽን ካልታተመ አሥራ አንድ ልጆች በጣታቸው የሚያነቡት የፈተና ወረቀት አይኖራቸውም።

«ሌላው ይፈተናል፤ የእኔዎቹ ዓመት ይጠብቃሉ» አሉ። «አንዷማ በየቀኑ ‹መልስ መጣ ወይ?› ትለኝ ነበር። አሁን አሁን ኮቴዬን ስትሰማ ዝም ማለት ጀምራለች።»



«ለማን ነው የሚልኩት?» ብዬ የተላኩትን ኢሜይሎች ከፈትኩ።

ስድስት ናቸው። ስድስቱም ሰኞ ጠዋት የተላኩ። ስድስቱም ባዶ።

የተላኩበትን አድራሻ አየሁት...

ክው አልኩ።

የእኛ ድርጅት ነው! እኔ የምከፍተው የኢሜይል ሳጥን... ይቅርታ፣ እኔ የማልከፍተው።

ጋሼ ስድስት ሰኞ ደጅ ሲጠኑ፣ እኔ ስድስት ጊዜ አጥፍቻቸዋለሁ። አድራሻቸው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስለሆነ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። እውነቱን ልናገር ካልኩ... ለማወቅም አልሞከርኩም።

ልነግራቸው ፈለግኩ። አፌ እምቢ አለኝ። እንደ ፈሪ «በሉ እንደገና እንጻፈው» ብቻ አልኳቸው።

ርዕሱን «የብሬይል ማተሚያ መለዋወጫ ጥያቄ፦ ፈተናው 21 ቀን ቀርቶታል» አልነው።

ጋሼ ግን የድሮ ደብዳቤ ሰው ናቸው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን...» ብለው ጀመሩ።

«ኧረ ጋሼ! ሰላምታው እስኪያልቅ ሰውየው ሌላ ኢሜይል ይከፍታል!»

«እንዴ! ሰላምታም ሊቀር ነው?»

«አንድ መስመር ተፈቅዶልዎታል።»

ተሳሳቅን።

ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተሰበረ፣ የማሽኑን ሞዴል፣ የልጆቹን ቁጥር፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግ፣ ስልካቸውን... በቃ ስድስት መስመር። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሰርዘን «ለጥገና ክፍል ኃላፊ» አልን።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ላኩት። እኔም ለጥገና ኃላፊው አስተላለፍኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፤ አላስፈለገውማ።

አርባ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰላቸው።

ያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ጋሼ ስልካቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ደስታው ፊታቸው ላይ ነው። ጮክ ብለው አነበቡልኝ...

«‹ዕቃው መጋዘናችን ውስጥ አለ። ነገ ጠዋት መጥተን እንገጥመዋለን። ግን መምህር፣ እስከ ዛሬ ለምን ሳይጽፉልን ቆዩ?›»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ... እርስዎማ ጽፈው ነበር። እዚያ ነው የምሠራው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እዚያ እንደምትሠሪማ አውቃለሁ» አሉ። «እናትሽ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!»

«ልጆቼን ‹በሰው በኩል አትሂዱ፤ በራሳችሁ እጅ በር አንኳኩ› እያልኩ አስተምሬ፣ እኔ በጎረቤት ልጅ ላስጨርስ?»

እንባዬ መጣ። ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ተይ አታልቅሺ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተቀየምኩ እንጂ ‹አጻጻፌ ይሆን እንዴ?› ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ተማሪ ሲሳሳት ‹ደግመህ እየው› የምል ሰውዬ!»

ባለፈው ሳምንት ለድርጅታችን አንድ ኢሜይል ገባ። ርዕሱ «አሥራ አንዳችንም ተፈተንን» ይላል።

የጻፈችው ያቺ የጋሼን ኮቴ ስትሰማ ዝም የምትለዋ ልጅ ናት። «ርዕስ እንዳትረሺ» ያሏት እሳቸው ናቸው አሉ።

ውስጡ ሁለት መስመር ነው።

«ማሽኑን ለሠሩልን እናመሰግናለን። ደብዳቤያችንን ላነበበልን ሰውም አመሰግናለሁ በሉልኝ።»

ላነበበልን ሰው... ደጋግሜ አነበብኩት። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ወዳጆቼ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ስትጽፉ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትፈልጉ ገና ከርዕሱ ንገሩ፤ ዝም ሲሏችሁ ከመቀየማችሁ በፊት ደግማችሁ እዩት። እንደኔ በሩ ላይ የቆማችሁ ደግሞ... ከማጥፋታችሁ በፊት «ይሄ የማን ጉዳይ ይሆን?» በሉ። የሰው ዓመት ሊሆን ይችላል።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለዚህች ልጅ ምን ብላችሁ ትመልሱላት ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ዛሬ ልመልስላት ነው።